በቃል የተጠና መልስ

ድምፁ ከዓይን ዘግይቶ ነው የደረሰው። በመጀመሪያ የታየው ቀዩ መኪና ከኩርባው ጠርዝ እንደ ተወረወረ ሳንቃ ተነሥቶ የብረት አጥሩን ሲገምሰው ነበር። ቀጥሎ አንድ ጎማ ከመኪናው ተገንጥሎ፣ ብቻውን በአየር ላይ እየተሽከረከረ፣ ከባንዲራ አውለብላቢዎቹ ጣሪያ በላይ አለፈ። ከዚያ በኋላ ነው ብረት ከብረት ሲላተም የሚያሰማው፣ ጥርስን የሚያንገጫግጨው ጩኸት መጥቶ የተመልካቹን ጩኸት የዋጠው። በነፍስ አድን መኪናው ውስጥ ተቀምጣ የምታየው ዶክተር የመኪናውን ቁጥር ማንበብ አላስፈለጋትም። ወደዚያ ኩርባ ፍሬን ሳይነካ የሚገባ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ጠዋት ከጎማ ማከማቻው ጀርባ ጣቶቿን ጨብጦ፣ «ዛሬ ካሸነፍኩ መደበቅ ይበቃናል» ያላት ሰው ነው።

«ሽቦ ነው» አለ ጋሽ ውሃ፣ የነፍስ አድን መኪናውን ማርሽ እያስገባ። «ይኼ ልጅ አንድ ቀን እጃችን ላይ ይወድቃል ብዬ ነበር። አጥብቀሽ ያዢ፣ ዶክተር።»

«ቀይ ባንዲራ ይውለብለብ» አለች በሬዲዮው። ድምፅዋ የሌላ ሰው ድምፅ መሰላት።

ጋሽ ውሃ የውድድር ሜዳው የእሳት አጥፊዎች አለቃ ነው፤ ስሙን ያወጡለት ባልደረቦቹ ናቸው። ሽቦ የሚለውን ቅጽል ደግሞ የሾፌሩን ቅጥነትና እልህ ያየው ተመልካች አወጣለት፤ እናትና አባቱ በዚህ ስም ሲጠራ በሰሙ ቁጥር ፊታቸው ይጠቁራል። አባቱ የሜዳው ባለቤት ናቸው። ልጃቸው የሚነዳቸው መኪኖች፣ ተመልካቹ የሚቀመጥበት መደዳ፣ ከመደዳው ጀርባ የተደረደሩት ባለ ቆርቆሮ የሠራተኞች ቤቶች፣ ሁሉም የእሳቸው ናቸው። ዶክተሯ ከእነዚያ ቤቶች በአንዱ ተወልዳ፣ አባቷ ይህንኑ የብረት አጥር ሲበይዱ እያየች ያደገች ልጅ ናት። በሜዳው ሕግ፣ የሚወዳደር ዘመድ ያለው ሰው በነፍስ አድን ቡድኑ ውስጥ አይቆምም፤ ሰው ለገዛ ወዳጁ እጁ ይንቀጠቀጣልና። እሷም ስትቀጠር «ዘመድ የለኝም» ብላ ነበር። ውሸት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም።

ሲደርሱ መኪናው በጀርባው ተኝቷል። ከሆዱ የሚንጠባጠበው ነዳጅ በአስፋልቱ ቁልቁል እየተጎተተ ነበልባሉን ከኋላ ወደ ፊት ይመራዋል። እሳት አጥፊዎቹ ነጩን አረፋ ይረጫሉ፤ እሳቱ ከአንዱ ጎን ይሞትና ከሌላው ጎን ይነሣል።

«ነፋሱ ወደኛ ነው» አለ ጋሽ ውሃ፣ በክንዱ አግዷት። «እስካቀዘቅዘው ታገሺ። እሳት ካየው ምን ለየው ይላሉ፤ አንቺን ግን ጥሬሽን ነው መመለስ የምፈልገው።»

«ጭስ እየማገ ነው፣ ጋሼ። አይታገስም።»

በክንዱ ሥር ሾልካ በሆዷ ተሳበች። የተሰባበረው መስታወት በጉልበቷ ሥር ተንኮሻኮሸ። ውስጥ ገብታ ስታይ ሽቦ በቀበቶዎቹ ተንጠልጥሎ ቁልቁል ተሰቅሏል፤ ከግንባሩ የሚፈሰው ደም ወደ ፀጉሩ ይሄዳል። ሁለት መዳፎቿን በሄልሜቱ ግራና ቀኝ አስገብታ አንገቱን ያዘች። የሙያው የመጀመሪያ ትእዛዝ ይህ ነው፦ አንገት የያዘ እጅ ሌላ እጅ ሳይተካው አይለቅም። ቤት ቢፈርስ፣ ሰማይ ቢወድቅ፣ አይለቅም።

በዚያች ቅጽበት ሽቦ ነቃ።

የመጀመሪያው ቡጢ ጆሮ ግንዷ ላይ አረፈ። ሁለተኛው አፏን አገኘው፤ የታችኛው ከንፈሯ ከጥርሷ ጋር ተላትሞ ተሰነጠቀ፣ አፏም በደም ሞላ። ጭንቅላቱ የተመታ ሰው አዳኙን እንደ ጠላት እንደሚመታ በትምህርት ታውቀዋለች፤ ፈተና ላይ ሙሉ ነጥብ ያገኘችበት መልስ ነበር። የማታውቀው ነገር ቢኖር፣ የሚመታው እጅ የምትወደው እጅ ሲሆን ምን እንደሚመስል ነው።

«ልቀቂኝ! ማን ነሽ አንቺ?»

«እኔ ነኝ። እኔ ነኝ፤ አትንቀሳቀስ።»

«ልቀቂኝ አልኩ» ብሎ በጉልበቱ ደረቷን ገፋ። ትንፋሿ ተቋረጠ። እጆቿ ግን ከአንገቱ አልተነሡም፤ ምራቋን ከነደሙ ወደ ጎን ተፋችና ጭንቅላቱን በክንዶቿ መሐል ይበልጥ አጠበቀች።

ከውጭ የብረት መቁረጫው መቀስ መጮኽ ጀመረ። «ዶክተር፣ እሳቱ ዞሯል፣ ውጪ» የሚለው የጋሽ ውሃ ድምፅ ከሩቅ መጣ። የጫማዋ ሶል መቅለጥ ሲጀምር ተሰማት። ሽቦ አሁንም ይመታታል፤ ትከሻዋን፣ ጉንጯን፣ ያገኘውን ሁሉ። በተሰበረው የሄልሜቱ መከለያ ውስጥ ዓይኖቹን አየቻቸው። ጠዋት እሷን ሲያዩ የበሩት ዓይኖች አሁን እንደ ባዳ፣ እንዲያውም እንደ ደመኛ ያዩዋታል።

ብረቱ ተሰንጥቆ የሰዎች እጆች ሲገቡ፣ መጀመሪያ የአንገቱን መደገፊያ አሰረችለት፤ ከዚያ በኋላ ብቻ ለቀቀችው። ጋሽ ውሃ ከወገቧ ይዞ ጎትቶ አወጣት። ከንፈሯ ያብጣል፣ ጉልበቷ ይደማል፤ እሷን ያመማት ግን ሌላ ነበር። የትኛውም ቡጢ «ማን ነሽ» የሚለውን ጥያቄ ያህል አልከበዳትም።

*

አምቡላንሱ ውስጥ ሽቦ ጸጥ አለ። አብሮት የገባው የመኪናው መካኒክ በጆሮው አንድ ነገር ሲያንሾካሹክለት፣ እሱም ዓይኑን ጨፍኖ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ከፊት ወንበር ሆና በመስታወቱ አየችው። ጸሎት መሰላት። ልቧ ራርቶ አብራው ጸለየች።

የሜዳው ሕክምና ክፍል ሲደርሱ ግን ሰውየው ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። ግንባሩ ተሰፍቶ፣ ፊቱ ታጥቦ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ይስቃል። ባለሜዳው አባቱ መስኮቱ አጠገብ ቆመው ውጭ የሚሰናዳውን ተጠባባቂ መኪና ያያሉ። እናቱ የእጅ ቦርሳቸውን በሁለት እጅ አንቀው ከግድግዳው ተጠግተዋል። ውድድሩ የቆመው ለጊዜው ነው፤ አጥሩ ተጠግኖ ያልቃል፣ ሾፌሮቹም እንደገና ይሰለፋሉ።

ይህ የመጨረሻው ውድድር ነው። አባትና ልጅ የተማማሉበትን ቃል ዶክተሯ ብቻ ናት የምታውቀው፦ «ዋንጫውን አምጣልኝ፤ ከዚያ በኋላ ማንን አገባህ፣ የት ሄድክ ብዬ አልጠይቅህም።» አባት ይህን ሲሉ ልጃቸው ማንን እንደሚያስብ አያውቁም ነበር። እናት ግን አንድ ነገር ሸትቷቸዋል። ዶክተሯን ባዩ ቁጥር «አንቺ የብየዳው ልጅ» ነው የሚሏት፤ ሙያዋን ከአፋቸው አውጥተውት አያውቁም።

የሕክምናው ኃላፊ ፕሮፌሰር ወንበር ስበው ከሽቦ ፊት ተቀመጡ። ራሱን የተመታ ሾፌር ሁሉ የሚጠየቃቸውን ጥያቄዎች በተለመደው ቅደም ተከተል ጀመሩ።

«አሁን የት ነው ያለ…»

«ሕክምና ክፍል፣ ከመነሻው መስመር በስተግራ።»

«ከመጋጨትህ በፊት ከፊትህ…»

«ሰማያዊው መኪና ነበር፤ ልቀድመው ስል ነው።»

«ያለፈውን ውድድር ማን…»

«እኔ ነኛ፣ ፕሮፌሰር። ረሱት እንዴ?»

ባለሜዳው ሳቁ። ፕሮፌሰሩም ፈገግ አሉ። ሽቦ የወራቱን ስም ከኋላ ወደ ፊት እንደ ውሃ አንቆረቆረው። ዶክተሯ ብቻ አልሳቀችም፤ መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ ሲመጣ ጆሮዋ ቆመ።

ለዚህ ሥራ ፈተና ስትዘጋጅ ከሽቦ ጋር በየእሑዱ በአባቷ የብየዳ ክፍል ውስጥ ይገናኙ ነበር። እሱ በአሮጌ የመኪና ወንበር ላይ ተንጋሎ ቁስለኛ ይሆናል፤ እሷ ጥያቄዎቹን በቅደም ተከተል ትጠይቀዋለች። ሆን ብሎ ይሳሳታል። «የት ነው ያለኸው?» ስትለው «ገነት» ይላታል፤ «ከፊትህ ማን ነበር?» ስትለው «የወደፊት ሚስቴ» ይላታል፤ እሷም ትስቅና መልሳ ትጀምራለች። እንዲህ ሲሉ ሲሉ ጥያቄዎቹን እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ ያዛቸው። ያ ጨዋታ የፍቅራቸው ቤት ነበር።

እና አሁን ገባት። መካኒኩ በጆሮው ያንሾካሾከለት መልሱን ነው። ጸሎት የመሰላት ጥናት ነበር።

ከስፌቱ ጠርዝ የወጣውን ደም ልትጠርግለት ጨርቅ ይዛ ተጠጋች። ሽቦ ማንም ሳይሰማ «ከንፈርሽን ምን ነካሽ?» አላት።

«በር መታኝ።»

«ቀስ በይ እንጂ፣ ዶክተርዬ» ብሎ ዓይኑን ወደ ተጠባባቂው መኪና መለሰ። ፕሮፌሰሩ ጉልበቱን በመዶሻ ነካ ነካ አደረጉት። ሽቦ መለስ ሲል ዓይኑ ፊቷ ላይ ቀረ፤ ግንባሩ ተኮማተረ።

«ከንፈርሽን ምን ነካሽ?»

ድምፁ፣ ቃሉ፣ ርኅራኄው፣ ሁሉም አንድ ነው። «በር መታኝ አልኩህ እኮ» አለችው ቀስ ብላ። ደጋግሞ ያጠናውን ይዞታል፤ ያላጠናው ግን እንደ ወንፊት ያፈስበታል። ከራስ ቅሉ ሥር ደም እየተጠራቀመ ሊሆን ይችላል፤ እንዲህ ያለ ሰው መሃል ላይ ነቅቶ፣ ስቆ፣ አውርቶ፣ ከዚያ በአንድ ጊዜ ይወድቃል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

«መንዳት ይችላል» አሉ ፕሮፌሰሩ ከወንበራቸው እየተነሡ። «ተአምር ነው፤ ግን ይችላል።»

ሽቦ አያት። «ተይኝ» የሚል እይታ ነበር፤ ልመናም ነበረበት፣ ቃል ኪዳንም ነበረበት። ዝም ብትል የሚሄደው ለእሷ ብሎ ነው። ብትናገር ደግሞ እዚህ ክፍል ውስጥ የሚፈርሰው የሁለቱ ምስጢር፣ የእሷ ሥራና የእሱ አመኔታ ነው። ሰው የሚወደውን ሰው ፊት ለፊት ሲያስቀይም እንዲህ እንደሚያም፣ ከዚያች ደቂቃ በፊት ቢነግሯት አታምንም ነበር።

*

«ፕሮፌሰር፣ አይችልም።»

ፕሮፌሰሩ ወደ እሷ ዞሩ።

«ሁሉንም መለሰ እኮ፣ ልጄ።»

«ጥያቄዎቹን በቃሉ ያውቃቸዋል። ያስጠናሁት እኔ ነኝ።»

የእናትየው ቦርሳ በእጃቸው ውስጥ ጠቅ ሲል ተሰማ። «አንቺ የት አግኝተሽው ነው የምታስጠኚው?»

«አባቴ የብየዳ ክፍል ውስጥ፣ እትዬ። በየእሑዱ።»

«በየእሑዱ ጎማ ሙከራ ነው የሚለኝ» አሉ እናት፣ ለማንም ሳይሆን።

«አትስሟት» አለ ሽቦ፣ ፈገግታው ሳይጠፋ። «ደንግጣ ነው፤ እሳት ውስጥ ነበረች።»

«ከዝርዝሩ ውጭ የሆነ አንድ ነገር ይጠይቁት» አለች ዶክተሯ። «ከንፈሬን ምን እንደነካኝ ይጠይቁት። ሁለት ጊዜ ጠይቆኝ ሁለት ጊዜ ነግሬዋለሁ።»

ፕሮፌሰሩ ወደ ሽቦ ዞሩ። ሽቦም ወደ እሷ ዞረ። ያኔ ያ የተጠና ፈገግታ ከፊቱ ላይ ረገፈ፤ እንደ አዲስ ያያት ያህል ዓይኖቹ ራሩ፣ እጁም በሰው ሁሉ ፊት ተነሥቶ አገጯን ዳሰሰ።

«ከንፈርሽን ምን ነካሽ? ማን ነው የመታሽ፣ ሆዴ?»

በክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ በዚያች ቅጽበት ሁለት ነገር አወቀ። የአንዱ መድኃኒት ቀዶ ሕክምና ነው፤ ሁለተኛው መድኃኒት የለውም።

ባለሜዳው ከመስኮቱ ተነቅለው መጡ። ክንዷን ጨምድደው ወደ በሩ ወረወሯት። ጀርባዋ ከመድኃኒት ቁም ሣጥኑ ጋር ተጋጭቶ ብልቃጦቹ ተንጫጩ። «የብየዳ ልጅ፣ ቤቴን ልትበይጂ ነው የመጣሽው?»

«አባባ፣ አትንካት» አለ ሽቦ። ከዚያ በድንገት፣ ነገሩ ገና የገባው ይመስል፣ ወደ እሷ ዞረ። ፊቱ አመድ መሰለ። «ሸጥሽኝ። አንድ ውድድር ነበር የቀረኝ። ለማን ብዬ ነው? ለማን ብዬ ነው የሮጥኩት?»

የመሣሪያ ጠረጴዛውን በእግሩ ገለበጠው፤ መቀስና የብረት ሳህን ወለሉ ላይ ተበተነ። ሊይዙት የተጠጉትን ፕሮፌሰር ገፍቶ አልጋ ላይ ጣላቸውና በሩን በትከሻው ሰብሮ ወጣ። ጋሽ ውሃ ደጃፉ ላይ ነበር፤ ከወገቡ አቀፈው። ሽቦ በክርኑ አፍንጫውን መታው፤ የትልቁ ሰውዬ ደም ጢሙ ላይ ወረደ፣ ክንዱ ግን አልላላም። «ምታ፣ ወንድሜ፣ ምታ» ይለው ነበር፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው። «እኔ ለምጃለሁ።» ሽቦ ተወራጭቶ አመለጠ፤ በመካኒኮቹ መሐል ሮጦ ተጠባባቂው መኪና ዘንድ ደረሰ። መሪውን በሁለት እጁ ያዘ። አንድ እግሩን ወደ ውስጥ አስገባ።

ከዚያ ቆመ። እጁን አየው፣ የእሱ ያልሆነ ይመስል። ወደ ሜዳው ሲመለከት አንደኛው የዓይኑ ብሌን ከሌላው ሰፍቶ፣ ጠቁሮ፣ እንደ ባዶ ጉድጓድ ሆኖ ነበር። አንድ ቃል ለመናገር ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ድምፅ አልወጣም። እንደ ተቆረጠ ዛፍ ወደ ኋላ ወደቀ።

ዶክተሯ ጭንቅላቱ አስፋልቱን ከመምታቱ በፊት ደረሰች። መዳፎቿ ያውቁታል። ሰውነቱ በእጆቿ ውስጥ እየተንዘፈዘፈ፣ አረፋ ከአፉ እየወጣ፣ ባለሜዳው ከበላይዋ ቆመው የሠራተኛቸውን ልጅ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ለመኗት። «ልጄን» አሉ። ከዚያ በላይ ቃል አላገኙም። እሷ ቀና ብላ አላየቻቸውም። አገኘሁት ስትል ማጣት፣ አዳንኩት ስትል ማስቀየም፣ ሁለቱ በደረቷ ውስጥ እንደ ሁለት መኪና ተላተሙባት።

*

ትልቁ ሆስፒታል ውስጥ የራስ ቅሉን ከፍተው የተጠራቀመውን ደም አወጡለት። ትንሽ ቢዘገይ ኖሮ፣ አሉ ቀዶ ሐኪሙ፣ መሪ እንደያዘ ነበር የሚቀረው። እሷን በማግሥቱ ከነፍስ አድን ቡድኑ አሰናበቷት። ዘመድ አለኝ ሳትል መቆሟ ጥፋት ነው፤ አልተከራከረችም፤ ሕጉ ልክ መሆኑን ከማንም ይበልጥ እሷ ታውቃለች። ብርቱካናማ ቱታዋን ስትመልስ ጋሽ ውሃ ያበጠ አፍንጫውን ይዞ «እኔንም አብረው ያባርሩኝና ሁለታችንም ቆንጆ ሳለን እንሂድ» አላት። ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ተቆርጦ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ።

ሽቦ ነቅቶ ሲጠራት፣ ራሱ በነጭ ፋሻ ተጠቅልሎ፣ ፊቱ ገርጥቶ አገኘችው። በሩን ዘግታ ከአልጋው ግርጌ ቆመች።

«ያልኩሽን አስታውሳለሁ» አላት። «የቀረው ሁሉ ጠፍቶኝ እሱ ብቻ ቀርቷል። ሸጥሽኝ ያልኩሽ። ይቅር በይኝ።»

«እሱ አይደለም ያስቀየመኝ።»

«ታዲያ ምኑ?»

ቀናቱን ሁሉ ያፈነችው ነገር ያኔ ገነፈለ። የማልቀስ ሐሳብ ነበራት፤ የመጣው ግን ቁጣ ነው። «ያስተማርኩህን መልሰህ በእኔ ላይ ተጠቀምክበት። በየእሑዱ ስንስቅ የነበረውን፣ የእኔ ነው የምለውን ብቸኛ ነገር፣ እኔን ማታለያ አደረግከው። አምቡላንስ ውስጥ የምትጸልይ መስሎኝ ነበር። አብሬህ ጸለይኩ። ይገባሃል? አንተ ውሸት እያጠናህ፣ እኔ አብሬህ እጸልያለሁ።»

«ለአንቺ ብዬ ነው እኮ።»

«ለእኔ ብለህ ልትሞትብኝ? አንዲት ሴት ምን ታደርግበታለች፣ ዋንጫ ይዞ በሞተ ሰው? ለእኔ ብለህ ብትኖርልኝ ምናለ? እሱ ነው የከበደህ?»

ሽቦ አፉን ከፈተ፤ የተጠና መልስ አልነበረውም። እንባው በፋሻው ጠርዝ ሥር ሾልኮ ወደ ጆሮው ወረደ። ልትጠርግለት እጇ ተነሣ፤ መለሰችውና ወጣች።

ኮሪደሩ ላይ ከበሩ ትይዩ በተደረደሩት ወንበሮች እናቱ ብቻቸውን ተቀምጠዋል። የእጅ ቦርሳቸው አጠገባቸው ባለው ወንበር ላይ ነው። እሷም ሰላምታ ሰጥታ ልታልፍ ስትል፣ እናትየው ቦርሳቸውን አንሥተው ጉልበታቸው ላይ አደረጉት።

«ተቀመጪ» አሏት።

ተቀመጠች።

«ድምፅሽ እዚህ ድረስ ይሰማ ነበር። ተቆጣሽው?»

«አዎ፣ እትዬ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«የምን ይቅርታ» አሉ፣ ዓይናቸውን ከበሩ ሳያነሡ። «እኔ ከተቆጣሁት ስንት ዘመኔ። መንዳት ከጀመረ ጀምሮ፣ ተናድዶ ቢወጣና ያ የመጨረሻ ቃሌ ቢሆንስ እያልኩ፣ ደግ ደጉን ብቻ ሳወራው ኖርኩ። ፈርቼው ነው።» ወደ እሷ ዞሩ። «ሰው የሚቆጣው እንደሚኖር ካመነ ብቻ ነው። ተቆጪልኝ፣ ዶክተር።»

ያን ስም ከእኚህ ሴት አፍ ሰምታው አታውቅም ነበር። እሳት ውስጥ ያልተንቀጠቀጡት እጆቿ አሁን እቅፏ ውስጥ እንደ ቅጠል ይርገፈገፉ ጀመር። እናትየው አዩዋቸው። አልነኳቸውም፣ አላጽናኗትም፤ ወንበራቸውን ብቻ ጠጋ አደረጉ። ሁለቱም ከበሩ ጀርባ ያለውን አንድ ትንፋሽ ያዳምጡ ነበር፤ በዶክተሯ ውስጥ ያለው ቁጣም፣ ለባዳ የማይቆጡት ያ ዓይነት ቁጣ መሆኑን ስታውቅ፣ ቀስ እያለ ሞቃት።